በአራቱም ጎን ሁለት ገመድ

የጥሩወርቅ ጣጣ የጀመረው ከዘር በተረፈ ሁለት ቁና ገብስ ነው።

በ1971 ዓ.ም. ሰኔ ወር ነበር። ከደብረ ታቦር ወደ ጉና ግማሽ ቀን በእግር ተኪዶ በምትገኘው ጓሳ ሜዳ የገበሬ ማኅበሩ መሬት ከደለደለ ገና ሁለት ወሩ ነው። ጥሩወርቅ ባሏ ሙላቴ ከሞተ አራት ዓመት ሆኗታል፤ ስለዚህ የሚያርስላትም የሚዘራላትም ወንድሟ አያሌው ነው። የዚያን ቀን ጠዋት ስድስት ቁና ዘር በስልቻ አሸክማ ሰደደችው። አንድ ድርሻ መሬት ስድስት ቁና ገብስ እንደሚውጥ በዚያ አገር የማያውቅ የለም። አያሌው ግን ፀሐይዋ አናት ላይ ሳትደርስ ተመልሶ ስልቻውን ደጃፉ ላይ ዱብ አደረገው። ባዶ ስልቻ ደግሞ ዱብ አይልም።

“ምነው? ዝናብ መጣብህ?” አለችው።

“ኧረ ዝናብስ የለም።”

“ታዲያ ይሄ ዘር እዚህ ምን ይሠራል?”

“መሬቱ አለቀ፣ እታለም።”

ሰፈረችው። ሁለት ቁና ሞላ። መጀመሪያ የተናደደችው በወንድሟ ነበር፤ አራርቀህ ዘርተህ ልታስርበኝ ነው ብላ አፏ እንዳመጣላት ተናገረችው። ቡቃያው ሲወጣ ግን ወርዳ አየች። ከጎረቤቶቿ ማሳ አልሳሳም፤ እንዲያውም ጠቅጠቅ ያለ ነው። ያነሰው መሬቱ ነው።

ጥሩወርቅ ነገረኛ ሴት አልነበረችም። ይህ ቀድሞ መነገር ያለበት ኋላ ማኅበሩ “ነገረኛ” ብሎ ማኅተም ያለበት ደብዳቤ ስለጻፈባት ነው። የጎረቤት ከብት ማሳዋ ሲገባ እንኳ አባርራ ዝም የምትል ሰው ነበረች። የሆነው ሆኖ ወደ ሊቀመንበሩ ወደ ደምሴ ሄደች። የደምሴ ማሳ ከእሷ ማሳ ጎን ለጎን ነው። ከለውጡ በፊት መንገድ ላይ ሲያገኛት ቆሞ ጎንበስ ብሎ “እንደምን አደሩ” ይላት ነበር፤ ዕድሜዋ የታላቅ እኅቱን ያህላልና አንቱ ማለት ደንቡ ነው። ወንበሩ ላይ ከተቀመጠ ወዲህ ግን አንቺ ማለት ጀመረ። እሷም ይህን ችላው አልፋ ነበር።

“መሬቴ ጎደለ፣ ጓድ ሊቀመንበር” አለችው።

“የማንም መሬት አልጎደለም። አብዮቱ ለሁሉም እኩል ነው የሰጠ። ነይ፣ ዓይንሽ እያየ ይለካ።”

የማኅበሩን ገመድ ከተሰቀለበት አወረደ። ድልድሉ በሙሉ የተሠራው በዚያ ገመድ ነው፤ ለእያንዳንዱ ቤት በአራቱም ጎን ሁለት ሁለት ገመድ። ደምሴ ሰው ሰብስቦ የጥሩወርቅን ማሳ እያስለካ ዞረው። በላይ፣ በመንገዱ በኩል፣ ሁለት። በሸለቆው በኩል ሁለት። በታች ሁለት። ከራሱ ማሳ አጠገብ ባለው በኩልም ሁለት።

“በይ እንግዲህ፣ የቱ ነው የጎደለ?”

የተሰበሰበው ሰው ራሱን ነቀነቀ። አያሌው ሳይቀር በጆሮዋ “እንግዲህ እታለም፣ ልኩስ ልክ ነው” አላት። ጓሳ ሜዳ በሙሉ በቅን ልቡ የሚያምነው ይህን ነበር፤ ዙሪያው እኩል የሆነ መሬት ሆዱም እኩል ነው። ድልድሉ ሲካሄድ ዙሪያውን እንጂ መሐሉን ልለካ ያለ አንድ ሰው አልነበረም። ጥሩወርቅ የምታውቀው የዘሩን ነገር ብቻ ነው፤ ዘር ደግሞ በስብሰባ ላይ አይመሰክርም።

የማሳው አቀማመጥ እንዲህ ነው። የሌሎቹ ማሳዎች ከመንገዱ ሥር ቀጥ ብለው ተሰልፈዋል። የጥሩወርቅ የመጨረሻው ነው፤ ከሸለቆው ጋር ይዋሰናል፤ ሸለቆው ደግሞ ሰያፍ ነው የሚወርደው። ገመዱ ሸለቆውን ተከትሎ ሰያፍ ወረደ፤ በዚህኛው በኩልም እንደዚያው ሰያፍ ተሳበ፤ መሬቱም ምሰሶው እንደላላ ጎጆ ወደ ጎን አዘነበለ። በደምሴ ቀጥ ያለ ማሳና በእሷ ባዘነበለው ማሳ መካከል፣ ላዩ ሹል ታቹ ሰፊ የሆነ፣ በማንም ልክ ያልገባ የሽብልቅ ቅርጽ ያለው መሬት ተረፈ። ደምሴ “ለማኅበሩ በቅሎ ሣር” ብሎ አጠረው። በማኅበሩ በቅሎ ላይ ከደምሴ ሌላ የተቀመጠ ሰው ግን ታይቶ አይታወቅም።

ጥሩወርቅ ለወረዳው አመለከተች። ከሦስት ወር በኋላ አንድ ሹም ኪሱ ላይ ሁለት እስክሪብቶ ሰክቶ መጣ። ደምሴ ቤት በግ ታርዶለት በላ፤ ከዚያ ያንኑ ገመድ ይዞ ያንኑ አራት ጎን ዞሮ “እኩል ነው” ብሎ ጽፎ ሄደ። የተማረ ሰው ነው እንግዲህ! እሱ በሄደ በማግስቱ “የማኅበሩን ሥራ በሐሰት ክስ በማደናቀፍ” ተብላ ሁለት ቀን በእህል ጎተራው ውስጥ ታሰረች። ሁለቱ ሴቶች ልጆቿ ምሳዋን በበሩ ቀዳዳ አቀበሏት። ታናሺቱ “ሌባ ነሽ እንዴ፣ እማ?” ብላ ጠየቀቻት፤ ልጅ ናት፣ ጎተራ ውስጥ የሚታሰር ሌባ ብቻ ነው የሚመስላት።

ሁለት ክረምት እንዲህ አለፈ። የሌላው ቤት ገብስ እስከ መስከረም ሲደርስ የእሷ ሐምሌ ላይ ያልቃል። ነሐሴን ድንች ለቅመው፣ ከአያሌው ቤት እየተበደሩ፣ ልጆቹ አንዳንድ ቀን ጦማቸውን እያደሩ ያልፉታል። ጉና ላይ ነሐሴን በባዶ ሆድ ማለፍ ምን እንደሆነ የሚያውቅ ያውቀዋል።

በ1973 ዓ.ም. ኅዳር ላይ የመሠረተ ትምህርት ዘማች ወደ ጓሳ ሜዳ ተላከች። ከድጃ ትባላለች፤ የደብረ ታቦሩ አናጢ የሙሄ ልጅ ናት፣ አሥራ ሁለተኛን ባለፈው ሰኔ የጨረሰች። ትምህርቱ ከሰዓት በኋላ በማኅበሩ አዳራሽ ይሰጣል። ጥሩወርቅ አንድም ቀን አልቀረችም። መጀመሪያ የቀረ ስለሚቀጣ ነበር፤ ኋላ ግን ያ ሹም “እኩል ነው” ብሎ የጻፈውን ወረቀት በራሷ ዓይን ማንበብ ስለፈለገች ነው። ጥር ሲገባ ስሟን ጽፋ፣ ሌላውን ጽሑፍ ፊደል በፊደል እየለቀመች ታነብ ጀመር።

አንድ ቀን ከድጃ ሰሌዳው ላይ ቅርጾች ሣለች። ሦስት ማዕዘን፣ ካሬ፣ ከዚያም አንድ ያዘነበለ ነገር።

“ይህ ሮምበስ ይባላል” አለች። “አራቱም ጎኖቹ እኩል ናቸው።”

ከኋላ የተቀመጡ አንድ አዛውንት ሳቁ። “አራቱም እኩል ከሆነማ ያው ካሬው አይደለም እንዴ? ትንሽ ነፋስ ገፋው እንጂ!”

“ነፋሱ ከገፋውማ ብዙ ነገር ይቀራል፣ አባባ” አለች ከድጃ።

አራት እኩል የመቃ ቁራጮች ጫፍና ጫፋቸውን በክር አሰረች። ሰፌድ ላይ ካሬ አድርጋ አስቀመጠቻቸውና ውስጡን በገብስ ሞላች፤ በመዳፏም ደለደለችው። ገብሱን አንሥታ ጣሳ ውስጥ ስትጨምረው ጣሳው እስከ አፉ ሞላ። ከዚያ መቃውን በጣቷ ገፋ አድርጋ አዘነበለችውና እንደገና ሞላችው። አሁን ጣሳው ጎደለ። ደግማ ገፋችው፤ ከግማሽ በታች ሆነ። በመጨረሻ መቃዎቹ እስኪጋጠሙ ድረስ ገፋቻቸው። አንድም ፍሬ የሚገባበት ቦታ አልቀረም።

“ጎኖቹ ተለወጡ?”

“አልተለወጡም!” አለ ሰዉ።

“አሁንም እኩል ናቸው?”

“እኩል ናቸው!”

“ገብሱስ?”

ጥሩወርቅ ከመቀመጫዋ ተነሥታ ወደ ፊት መጣች። መቃውን አነሣችው፤ ቀና አደረገችው፣ መልሳ አዘነበለችው። ንዴቱ ከእግሯ ጀምሮ ነው የወጣ።

“ይህን ቅርጽ አውቀዋለሁ” አለች።

“የት ያውቁታል፣ እትዬ ጥሩወርቅ?”

“ሁለት ዓመት ዘርቼበታለሁ። ደምሴ መሬቴን ባዶ እስኪሆን ድረስ እየገፋ እኩል ነው ሲለኝ ሊኖር ነው!”

በማግስቱ ከድጃን ይዛት ወደ ማሳው ወረደች። ልጅቷ ከመንገዱ ላይ ቆማ አንድ ጊዜ ቁልቁል አየችና “ያ ረቢ!” አለች። አባቷ አልጋ ሲሠሩ አራቱን እግርና አራቱን ጠርዝ ከገጠሙ በኋላ ሲባጎ አውጥተው ከጥግ እስከ ጥግ፣ ከዚያም ከሌላው ጥግ እስከ ሌላው ጥግ እንደሚለኩ ነገረቻት። ሁለቱ እኩል ካልመጡ አልጋው ጠሟል፤ ጠርዞቹ የቱንም ያህል እኩል ቢሆኑ ይፈርሳል እንጂ ገበያ አይወጣም።

“ሄጄ ለሊቀመንበሩ አሳየዋለሁ። ቢገባው ያስተካክለዋል” አለች ከድጃ።

ሄዳም መቃውን አሳየችው። ደምሴ ከእጇ ተቀብሎ አየው፤ አንድ ጊዜ ወደዚህ፣ አንድ ጊዜ ወደዚያ ገፋው። ከዚያ ጉልበቱ ላይ አድርጎ ቀጭ አድርጎ ሰበረው።

“አንቺ ፊደል ልታስቆጥሪ ነው የተላክሽ እንጂ መሬት ልትደለድዪ አይደለም። ሁለተኛ ሕዝብ ስታነሣሺ ብሰማ ለወረዳው እጽፋለሁ” አላት።

ከድጃ የተሰበረውን መቃ ይዛ እያለቀሰች መጣች። “አልገባውም” አለች።

“ኧረ ገባው፣ ልጄ” አለች ጥሩወርቅ። “ባይገባውማ አይሰብረውም ነበር።”

ከዚያ ቀን ጀምሮ ስለ መሬቱ አንድ ቃል አልተናገረችም። ሰዉ ተስፋ ቆረጠች አለ። ደምሴም ሲያገኛት “አሁን አርፈሽ መቀመጥ ጀመርሽ” ብሎ ይሳለቅባት ነበር። እሷ ግን ጠቅላላ ስብሰባውን ነበር የምትጠብቀው።

ስብሰባው በየካቲት የመጀመሪያው እሑድ፣ ሰዉ ከቤተ ክርስቲያን ከወጣ በኋላ፣ በኮሶው ዛፍ ሥር ተደረገ። ግራ እጅ ተነሣ፣ መፈክር ተባለ፣ ደምሴ ስለ ድልድሉ ድል ረጅም ንግግር አደረገ። ሲጨርስ ጥሩወርቅ እጇን አወጣች።

“ሁለት ዓመት ሙሉ መሬቴ ጎደለ እያልሁ ማኅበሩን አስቸግሬያለሁ” አለች። “ዛሬ ልቤ እንዲያርፍ ጓድ ሊቀመንበር በጉባዔው ፊት እውነቱን ይንገረኝ። ያለውም ይጻፍልኝ።”

ደምሴ ደስ አለው። ቆብ ቢጤውን አስተካክሎ ተነሣ።

“የጥሩወርቅ መሬት ከማንኛውም ድርሻ ጋር እኩል ነው። ከራሴ ድርሻ ጋር እኩል ነው። አንድ ክንድ አይጎድልም፣ አንድ ክንድ አይተርፍም!”

ጸሐፊው እሸቴ ጻፈው፤ ማኅተሙንም መታበት። ጥሩወርቅ ወረቀቱን ተቀበለችና ጣቷን ከፊደሉ ሥር እያስኬደች፣ ቀስ ብላ፣ ከፍ ባለ ድምፅ አነበበችው። “ከራሴ ድርሻ ጋር እኩል ነው” የሚለው ጋ ስትደርስ ደግማ አነበበችው። ከሴቶቹ አንዷ እልል አለች፤ ስለ መሬቱ ሳይሆን ጥሩወርቅ ማንበቧ ስለገረማት ነው። ወረቀቱን አጥፋ በመቀነቷ ውስጥ ከተተችው።

“እንግዲህ እኩል ከሆነ እንለዋወጥ” አለች።

“ምን?”

“ያንተ ማሳ ለቤቴ ይቀርባል፣ እኔም ጉልበቴን ያመኛል። የኔ ደግሞ ለሸለቆው ውሃ ቅርብ ነው፣ የማኅበሩን በቅሎ ታጠጣበታለህ። አንተ የኔን፣ እኔ ያንተን። አንድ ክንድ አይጎድልህ፣ ምን ቸገረህ?”

መጀመሪያ የሳቁት እኒያ በትምህርቱ ላይ የቀለዱት አዛውንት ናቸው። “ምን አለበት? እኩል አይደለም እንዴ!” አሉ። ከወዲያም ከወዲህም “ምን አለበት! ምን አለበት!” ተባለ። ክፋት የሌለበት ሰው ነው ይህን የሚለው፤ የመቃውን ነገር እንደ ጨዋታ ቆጥሮ ገመዱን አሁንም ያምነዋል፣ ለሴትዮዋ ጉልበት ደግሞ አዝኗል። አያሌው ቀድሞ እጁን አወጣ። ከዚያ ሌላው፣ ከዚያ ሌላው። እሸቴ ቆጠረና ውሳኔው በብዙ ድምፅ አልፏል አለ። ደምሴ እንዳልሰማ ለመምሰል ሞከረ፤ በስብሰባ የተወሰነን መሻር አድሃሪነት ነው ብሎ ሦስት ዓመት ያስተማረው ግን ራሱ ነው።

“አይሆንም!” አለ በመጨረሻ።

“ለምን?” አለ ሰዉ።

“አይሆንማ!”

“እኮ ለምን?”

ፊቱ ቀላ። ገመዱን ከኮሶው አጠገብ ካለው የማኅበሩ አዳራሽ ግድግዳ መንጭቆ ቁልቁል ወደ ማሳው ገሠገሠ፤ ጉባዔውም ተከተለው። ከድጃ ከኋላ ነበረች፤ የምታየውን ማመን አልቻለችም። ደምሴ እንደ ወትሮው ጎኑን አልያዘም። በሸለቆው በኩል ካለው የላይኛው የወሰን ድንጋይ ተነሥቶ፣ መሬቱን መሐል ለመሐል አቋርጦ፣ ትይዩው ጥግ ላይ ወዳለው የታችኛው ድንጋይ ገመዱን ዘረጋ።

“ይኸው! ከጥግ እስከ ጥግ አንድ ገመድ ተኩል እንኳ አይሞላም! የኔ ከጥግ እስከ ጥግ ሦስት ገመድ ሊሆን ምንም አይቀረው! ሁለት ሦስቴ ለክቼዋለሁ!” እያለ ጮኸ። “ይህ ጎዶሎ መሬት ነው! ሆድ የለውም! እንዴት ብዬ ነው ይህን የምቀበል?”

ደምሴ ዙሪያውን አየ፤ መጀመሪያ አያሌውን፣ ከዚያ አዛውንቱን፣ ከዚያ ሌሎቹን። ምን እንዳለ ያኔ ነው ለራሱ የተሰማው። ገመዱን ከእጁ ለቀቀው።

“ጻፍ፣ እሸቴ” አለች ጥሩወርቅ።

እሸቴ ሊቀመንበሩን ቀና ብሎ አየ። ከዚያ ሕዝቡን አየ። ጉልበቱ ላይ መዝገቡን ዘርግቶ ጻፈ።

“እኔ እኮ…” አለ ደምሴ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። “አንቱ እኮ ቀስ ብለው ቢነግሩኝ ኖሮ…”

“አንቱ አልኸኝ?” አለችው። “ጎተራ ውስጥ ስትቆልፍብኝ አንቺ ነበርሁ። አሁን መሬቴን ነው የጠየቅሁህ፣ ማዕረግ አልጠየቅሁህም።”

መለዋወጡ ቀረ፤ ጥሩወርቅም አልፈለገችው። ጉባዔው በቅሎዋ ትበላው የነበረውን ሽብልቅ መሬት ለእሷ ጨምሮ ወሰኑን ቀጥ አደረገው፤ ከጥግ እስከ ጥግም በሁለቱም በኩል ተለካ። ደምሴ ከሊቀመንበርነቱ አልወረደም። ያን ሁለት እስክሪብቶ የያዘ ሹም የጠየቀው የለም። “ነገረኛ” የሚለው ደብዳቤም እስከ ዛሬ መዝገብ ውስጥ አለ።

በሰኔ አያሌው ስድስት ቁና ገብስ ይዞ ወጣ። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ስልቻውን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ ተመለሰ። ጥሩወርቅ ደጃፍ ላይ ተቀብላው ስልቻውን ገልብጣ አራገፈችው። አንድ ፍሬ አልወደቀም።

አያሌው ደስ ይላታል ብሎ ጠብቆ ነበር። እሷ ግን ባዶውን ስልቻ ይዛ ቆመች፣ ዓይኗም እንባ ሞላ።

“ሁለት ዓመት” አለች። “ሁለት ዓመት ልጆቼ ጦም ያደሩበትንስ በምን ገመድ ይለኩልኛል?”